ነጻ የትምህርት መርጃዎች፦ መጽሐፉ በነጻ፣ መንገዱ በክፍያ

በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) እ.አ.አ. በኤፕሪል 2001 በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ያልተለመደ ውሳኔ ይፋ አደረገ። ተማሪዎቹ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍለው የሚማሩባቸውን የትምህርት ማስታወሻዎች፣ የቤት ሥራዎችና የፈተና ጥያቄዎች ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው በኢንተርኔት እንደሚለቅ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት በ50 የትምህርት ዓይነቶች ተጀመረ፤ እ.አ.አ. በ2007 ቁጥሩ 1 ሺህ 800 ደረሰ። ዲግሪ አይሰጥም፣ መምህርም አይመደብም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

እ.አ.አ. በ2002 ዩኔስኮ ፓሪስ ላይ በጠራው ስብሰባ፣ ይህን የመሰለው ሥራ ለታዳጊ ሀገራት ምን ሊጠቅም እንደሚችል የመከሩ ምሁራን «ክፍት የትምህርት መርጃዎች» የሚል ስያሜ አወጡለት። የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ እ.አ.አ. በኖቬምበር 2019 ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ አባል ሀገራት በሕዝብ ገንዘብ የሚዘጋጁ የትምህርት መርጃዎችን ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ አሳስቧል። ዛሬ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ እስከ ሕክምና ያለው ትምህርት፣ ከነቪዲዮውና ከነመልመጃው፣ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ወደዚህ ሀብት የሚወስደው መንገድ ክፍያ አለው። ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ኔትወርክና የዳታ ጥቅል ያስፈልጋሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንዳስታወቀው እ.አ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር፤ በአፍሪካ ከአሥር ሰዎች ተጠቃሚዎቹ አራት እንኳ አይሞሉም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.አ.አ. በ2018 ያስቀመጠው ግብ፣ የመነሻው የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ከአንድ ሰው አማካይ ወርኃዊ ገቢ 2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። አማካይ ገቢ ግን ከአማካዩ በታች ያለውን ሰው አይገልጽም፤ የገጠር ቤተሰብ ገንዘብ የሚያገኘው በየወሩ ሳይሆን እህል ሲሸጥ ነውና። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የትምህርት ቪዲዮ በመካከለኛ የምስል ጥራት እንኳ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ያለበት ቤት የወሩን ወጪ ለማስላት አይቸገርም።

«ነጻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ነጻ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም በአንድ ይሸከማል፦ አንዱ ያለ ዋጋ የሚገኝ፣ ሌላው አርነት ያለው ማለት ነው። በትምህርት መርጃ ጉዳይ ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። ያለ ክፍያ የሚነበብ ሁሉ ለመተርጎም፣ ለማባዛት ወይም ለማሻሻል አይፈቀድም። የቅጂ መብት ሕግ በመነሻው እነዚህን ሁሉ ለባለቤቱ ይሰጣል።

ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.አ.አ. በዲሴምበር 2002 ያወጣቸው የፈቃድ ዓይነቶች የተዘጋጁት ለዚህ ነው። ደራሲው ሥራውን ሲለቅ ምን እንደፈቀደ አስቀድሞ ይናገራል፤ ስሙ እንዲጠቀስለት ብቻ ሊጠይቅ፣ ለንግድ እንዳይውል ሊከለክል፣ ወይም አሻሽሎ የሚያወጣው ሰው በዚያው ፈቃድ እንዲለቀው ሊያስገድድ ይችላል። ኤም አይ ቲ ትምህርቶቹን የለቀቀው ሦስቱንም ሁኔታዎች አጣምሮ ነው። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ መምህር ማስታወሻውን ወደ አማርኛ መልሶ፣ አባዝቶ ለተማሪዎቹ ቢያድል ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ አሳትሞ ቢቸረችረው ግን ይከለከላል። ስለ በረዶ መጥረጊያ መኪና የሚጠይቀውን የሒሳብ ጥያቄ ስለ ጤፍ ኩንታል ማድረግም ይችላል። ይህ መብት ኢንተርኔት በሌለበት አካባቢ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ማተም የሚፈቀደው በእርሱ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ትምህርት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም ሲጀመር በአንድ ቀበሌ ሁለት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ታስቦ፣ ሠልጣኞቹ የአንድ ዓመት ሥልጠና እየወሰዱ ይወጡ ነበር። በኋላ ደረጃቸውን ወደ ዲፕሎማ ማሳደግ ሲያስፈልግ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ከቀበሌያቸው አስለቅቆ ኮሌጅ ማስገባት እናቶችንና ሕፃናትን ያለ ተንከባካቢ መተው ነበር። ጤና ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒሴፍና ከአምሬፍ ጋር በመሆን 13 ሞጁሎችን አዘጋጀ። ጸሐፊዎቹ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የርቀት ትምህርት አዘገጃጀቱን የዩኒቨርሲቲው መምህራን አገዟቸው። ከእርግዝና ክትትልና ከክትባት እስከ ተላላፊ በሽታዎችና የአካባቢ ንጽሕና ያለው ትምህርት በክፍት ፈቃድ ተለቀቀ፤ ለባለሙያዎቹ የደረሰው ግን በዋናነት ታትሞ ነው። እነርሱም በሥራ ገበታቸው ሆነው እያነበቡ፣ በተወሰነ ጊዜ እየተሰበሰቡ የተግባር ሥልጠና ወሰዱ። ሞጁሎቹን ዛሬም ማንኛውም ሀገር ወስዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ መሆኑ ብቻ ተጠቃሚውን ያጠብበዋል።

ፊኛ፣ ሳተላይትና ድሮን

መንገዱን ራሱን በነጻ ለማድረግ የተሞከረባቸው ዓመታትም ነበሩ። ጉግል ፊኛ ወደ ሰማይ ልኮ ኢንተርኔት ለማሠራጨት የነደፈው «ሉን» እ.አ.አ. በጁላይ 2020 ኬንያ ውስጥ አገልግሎት ጀመረ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ አዋጭ አልሆነም ተብሎ እንደሚዘጋ ተነገረ። ፌስቡክ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ኢንተርኔት ለማድረስ ሊከራይ ያሰበው «አሞስ 6» የተባለ ሳተላይት እ.አ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ፍሎሪዳ ውስጥ ገና ሳይተኮስ፣ ሮኬቱ በሙከራ ላይ ሳለ ፈንድቶ ነደደ። በፀሐይ ኃይል የሚበር ግዙፍ ድሮንም ሠርቶ ነበር፤ እ.አ.አ. በ2018 ሥራውን አቆመ።

ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው ሌላ ዘዴ ነው፦ የቴሌኮም ድርጅቱ ለተወሰኑ ድረ ገጾች የዳታ ክፍያ እንዳይጠይቅ ማስማማት። ፌስቡክ እ.አ.አ. በ2014 ከዛምቢያ የጀመረው አገልግሎት የአየር ሁኔታ፣ የጤና፣ የሥራ ማስታወቂያና የመሳሰሉ ጥቂት ገጾችን፣ ከራሱ ከፌስቡክ ጋር፣ ያለ ክፍያ ያሳይ ነበር። ደግነት ይመስላል፤ ሕንድ ግን አልተቀበለችውም። የሀገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ እ.አ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 በይዘት ላይ ተመሥርቶ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል ነበር፦ ድሃው የሚያየውን የሚመርጥለት አንድ ኩባንያ ከሆነ፣ ድሃው ያገኘው ኢንተርኔት አይደለም። የደጋፊዎቹም ክርክር ቀላል ነበር፦ ከምንም ጥቂት ይሻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሙግት እስካሁን በብዙ ሀገራት አልተዘጋም፤ ለገበሬውና ለተማሪው ልጁ ግን የመጀመሪያው ክርክር በጊዜ ብዛት የሚከብድ ነው።

ለትርፍ ያልቆመው የውክፔዲያ ድርጅትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.አ.አ. ከ2012 ጀምሮ በበርካታ ታዳጊ ሀገራት ውክፔዲያን ያለ ዳታ ክፍያ ማንበብ የሚያስችል መርሐ ግብር አካሂዶ፣ በ2018 ዘጋው። አንጎላ ውስጥ አንዳንድ ወጣቶች በዚህ ክፍት በር ፊልሞችን በውክፔዲያ ገጾች ውስጥ ደብቀው መለዋወጥ ጀምረው ነበር። የቅጂ መብት መጣሱ ሳይዘነጋ፣ ድርጊቱ ለዘብ ያለ ፈገግታም ያጭራል፤ ዳታ በተወደደበት ሀገር ሰው ከተከፈተለት ጠባብ በር ምን ያህል ሊያስገባ እንደሚሞክር ያሳያልና።

መሣሪያው ብቻውን ሲላክ

ሌላው ትልቅ ሙከራ የልጆች ላፕቶፕ ነበር። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.አ.አ. በ2005 ዳቮስ ላይ 100 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ የድሃ ሀገር ልጅ እንደሚያደርሱ አስታወቁ። ምርቱ ሲጀመር ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ፔሩ ከሁሉም በላይ ብዙ ገዛች፤ ከ800 ሺህ በላይ። የአሜሪካ ሀገራት ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት እ.አ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ ላፕቶፑ የተማሪዎቹን የሒሳብና የቋንቋ ውጤት እንዳላሻሻለ አሳየ። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ መጠነኛ ለውጥ ታይቷል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ መምህራኑም መሣሪያውን ከዕለቱ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት በቂ ሥልጠና አላገኙም።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ አካል ናት። ያው ድርጅት በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወንጪና በስምጥ ሸለቆው ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሁለት መንደሮች ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ኔግሮፖንቴ እ.አ.አ. በ2012 ሲናገሩ፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን አስነሣ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ ብለዋል። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የልጆቹ ብልኀት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ምስክርነቱን የሰጠው ሰጪው ራሱ ነበር፣ የዘመሩትም ፊደል የእናታቸው ቋንቋ የሚጻፍበት አልነበረም ለማለት ባይቻልም፣ ድምፁና ቃላቱ የባዕድ ነበሩ። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ «አፕል» የሚለውን ቃል ግን ተናጋሪው ልጅ አያውቀውም።

በከተማም በገጠርም የ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎች የነበሩ ሰዎች «ፕላዝማ»ን ያስታውሳሉ። በ1997 ዓ.ም በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሠራጨት የጀመረው ትምህርት የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ለገጠር ተማሪ የሠለጠነ መምህር ገለጻ፣ የቤተ ሙከራ ትዕይንትና ሥዕል ማድረሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ሥርጭቱ አይቆምም፣ አይመለስም፣ አይጠየቅም። መምህሩ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ በተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ያመለጠውን ለመልቀም ይሯሯጥ ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የዚያ ዕለት ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

ቤተ መጻሕፍት በሳጥን

ያለ ብዙ ወሬ የቆየው ዘዴ ሌላ ነው፤ ሰውን ወደ ኢንተርኔት ከማምጣት ይልቅ ከኢንተርኔት የሚያስፈልገውን ቀድቶ ወደ ሰው ማምጣት። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.አ.አ. በ1999 የግብርና ምርምር መጽሔቶችን በሲዲ ቀድቶ በታዳጊ ሀገራት ላሉ የግብርና ተቋማት ማሠራጨት ጀመረ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ኢ-ግራነሪ» ደግሞ ስሙን ያወጣው ከጎተራ ነው፤ ባለቤቶቻቸው የፈቀዱ ሚሊዮን ገጾች በአንድ ሃርድ ዲስክ ተጭነው ወደ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓዙ። ለአርሶ አደር አንባቢ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል። እህል በመኸር ይገባል፣ በክረምት ይበላል፤ መረጃውም ኔትወርክ ባለበት ከተማ ይጫናል፣ ኔትወርክ በሌለበት ይነበባል።

እ.አ.አ. በ2007 የተጀመረው «ኪዊክስ» ይህን ለማንኛውም ሰው አቀለለው። ውክፔዲያን፣ መዝገበ ቃላትን፣ የሕክምና መረጃንና ሌሎችንም በአንድ ፋይል አጭቆ ያቀርባል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሙሉው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ተመርጦ የተቀነሰው ቅጂ ግን በተራ ስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ዳታ ይተላለፋል። ዘፈን እንደሚተላለፈው ማለት ነው። የካን አካዳሚ ትምህርቶችንም ያለ ኢንተርኔት ለማሳየት የአሜሪካ ተማሪዎች እ.አ.አ. በ2012 የሠሩት ፕሮግራም ነበር፤ ያው ቡድን በኋላ «ኮሊብሪ» የተባለውንና ዛሬ በብዙ ሀገራት የሚሠራበትን አወጣ። መምህሩ ከተከማቹት ትምህርቶች መርጦ ለክፍሉ ይመድባል፤ ተማሪው የሠራውንም ያያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል አነስተኛ ኮምፒውተር (ራስበሪ ፓይ የተባለችው እ.አ.አ. በ2012 ስትወጣ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር) ሚሞሪ ካርድ ይገባባታል። የራሷን ዋይፋይ ታሠራጫለች። ተማሪዎች በስልክ፣ በታብሌት ወይም በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከዋይፋዩ ጋር ይገናኛሉ፤ የሚያነቡትም የሚያዩትም ከሳጥኗ እንጂ ከውጭ አይመጣም። ልዩነቱ በስሌት ይታያል። አርባ ተማሪዎች አንድን የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ በየስልካቸው በኢንተርኔት ቢያዩ፣ ያው ቪዲዮ ከባሕር ማዶ አርባ ጊዜ ይመጣል፣ አርባ ጊዜም ይከፈልበታል። በሳጥኗ ግን አንድ ጊዜ ይመጣል። የምትፈልገው ኃይልም አነስተኛ በመሆኑ መጠነኛ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ያንቀሳቅሳታል።

ሳጥኗ የማትፈታው ግን ቋንቋውን ነው። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም ጥቂት መስመሮች ናቸው። በልጆች ንባብ ረገድ የተሻለ ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ እ.አ.አ. በ2014 የተጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና ኖርዌይ ደግፋው እ.አ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተዘጋጁ፣ በክፍት ፈቃድ የሚታተሙ የልጆች መጻሕፍት አሏቸው። ወላጅ ወይም መምህር አውርዶ በፎቶ ኮፒ ቢያባዛቸው ሕጋዊ ነው። ከዚያ በላይ ላሉ ክፍሎች በአማርኛ ያለው ክፍት መርጃ ገና ጥቂት ነው፤ ይህን ሊሞላ የሚችለው የሚያስተምሩት መምህራን ጽሑፍ ነው።

ወደ ማሳው

ጉዳዩ የተማሪ ብቻ አይደለም። ስለ ስንዴ ዋግ የተደረገ አዲስ ምርምር አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው በተመራማሪውና በልማት ሠራተኛው በኩል ነው። ተመራማሪው መጽሔቱን ካላነበበ ሰንሰለቱ ከላይ ይበጠሳል፤ የአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ የአንድ ኮሌጅን የመጽሐፍ በጀት ሊውጥ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.አ.አ. በ2003 «አጎራ» በተባለው መርሐ ግብር አሳታሚዎችን አስማምቶ፣ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ ሀገራት የምርምር ተቋማት የግብርና መጽሔቶችን በነጻ ከፈተ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጽሑፎች ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ እንዲቀመጡ ደንግጋለች። የሀገር ውስጥ ምርምር በውጭ መጽሔት ታትሞ በገንዘብ መልሶ የሚገዛበትን ልማድ የሚያስቀር ነው።

ለአርሶ አደሩ በቀጥታ የደረሰው ግን ኢንተርኔት የማይፈልግ ዘዴ ነው። በ2006 ዓ.ም በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም ያስጀመረው 8028 የስልክ መሥመር፣ በተራ የእጅ ስልክ ደውሎ ቁጥር በመጫን ስለ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ሌሎች ሰብሎች አዘራርና አያያዝ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ያለ ክፍያ ለማዳመጥ አስቻለ። ሚሊዮኖች ደወሉ። ማንበብ የማይችልም ይሰማል፤ ያልገባውን ደግሞ መልሶ ያዳምጣል። ፕላዝማው የጎደለው ይህ ነበር።

ትምህርት ቤት ወይም የከተማ ቤተ መጻሕፍት ሳጥን፣ ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ሲለገሰው ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉት። ይዘቱ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ይገናኛል? በየትኛው ቋንቋ ነው? ፈቃዱ ማተምና መተርጎም ይፈቅዳል? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ በኃላፊ ቢሮ ተቆልፎ አቧራ የሚጠጣ ኮምፒውተር ያየ ሰው አይስቅበትም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማደስ ነው። የኪዊክስ ፋይሎች በየጊዜው በአዲስ ይተካሉ፤ በሳጥኗ ውስጥ ያለው ግን ካልተለወጠ ባለበት ይቀራል። ለዚህ የተለየ መስመር መዘርጋት አያስፈልግም። ለስብሰባ ወደ ክልሉ ከተማ የሄደ ርእሰ መምህር ዋይፋይ ባለበት አዳራሽ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ሞልቶ ቢመለስ ይበቃል፤ የጉዞው አበል እንደሆነ አስቀድሞ ተከፍሏል።